የጆርጂያ አቨኑን ሜዳ አትርሱብን፦ ለዋሽንግተን ናሽናልስ ግልጽ ደብዳቤ

ለዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤቶችና አመራር

ጉዳዩ፦ የከተማችንን የቤዝቦል ታሪክ ወደ ተሠራበት ሰፈር ስለ መመለስ

ክቡራን፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በ2004 የወጣው የዋሽንግተን ከተማ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ የምጽፍላችሁ በከተማችሁ ቋንቋ ነው። ደግሞም አብረዋችሁ እንዲያነቡት የምፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚገቡ፣ ልጆቻቸውን እዚህ የወለዱ ወገኖቼ። ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩንና ቀኑን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ታሪኩ የተመዘገበው በዚያ ነውና።

ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ክለባችሁ ታሪክ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። በ2005 ከሞንትሪያል የመጣ አዲስ ቡድን ነው ይላሉ። እናንተም ለዚህ መልስ እንዲሆን ስታዲየማችሁ ውስጥ ሐውልት አቆማችሁ፣ ግድግዳ ላይ የክብር ስሞች ጻፋችሁ። ጥሩ አደረጋችሁ። ግን ታሪኩ የተሠራበት ሰፈር አሁንም አለ፤ ሰውም ይኖርበታል። ታሪኩን ወደዚያ ሰፈር ይዛችሁ ኑ። ደጋፊ የምታገኙትም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

9ኛው መንገድና ዩ ስትሪት የሚገናኙበትን ቦታ የማያውቅ አበሻ ዋሽንግተን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ክትፎ ያማረው፣ እንጀራ የጨረሰ፣ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ፣ የአገሩ ዘፈን የናፈቀው ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ኪራይ ሲወደድ ብዙ ቤቶች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ሆኖም ሰፈሩ አሁንም ሰፈራችን ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ወደ ጆርጂያ አቨኑ ሲኬድ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ስንቱ ወገናችን እዚያ ወልዷል፣ ታክሟል፣ ሠርቷል። ያ ሆስፒታል የቆመበት መሬት ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር።

ለማያውቁት ወገኖቼ ላስረዳ። ከ1911 እስከ 1961 ድረስ ዋሽንግተን ቤዝቦል የምታየው እዚያ ነበር። ከዚያ በፊትም በዚያው መሬት ላይ በእንጨት የተሠራ ስታዲየም ነበር፤ በ1911 ተቃጠለ። የውድድር ዘመኑ ሲከፈት ፕሬዚዳንቱ የመጀመሪያውን ኳስ የመወርወራቸው ልማድ በዚህ መሬት ላይ በ1910 በፕሬዚዳንት ታፍት ተጀመረ። የሰፈሩ ልጅ ዱክ ኤሊንግተን በልጅነቱ በዚህ ቡድን ጨዋታዎች ላይ ኦቾሎኒ ይሸጥ ነበር። ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። መቺው ቆሞ ኳስ የሚጠብቅበት ቦታ፣ ሆም ፕሌት የሚሉት፣ ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎለታል። በአጠገቡ በየቀኑ ሰው ያልፋል።

በዚያ ሜዳ ላይ የከተማው ትልቅ ቀን የሚባለው ጥቅምት 10 ቀን 1924 ነው። ሴናተርስ የሚባለው የዋሽንግተን ቡድን ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር የዋንጫውን ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ያደርግ ነበር። ጨዋታው በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ በሚመቱበት ዙር፣ አላለቀም፤ 12 ደረሰ። ዋልተር ጆንሰን የሚባለው ታላቅ ኳስ ወርዋሪ፣ በዚያ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ አንገቱን የደፋው ሰው፣ በመጨረሻው ጨዋታ ዘግይቶ ገብቶ ቡድኑን ይዞ ቆየ። ከዚያ መሬት ለመሬት የተመታች ኳስ ጠጠር ነክታ በተከላካዩ ራስ ላይ ዘለለች ይባላል። ዋሽንግተን አሸነፈች። እንደገና ለማሸነፍ 95 ዓመት ፈጀባት።

ይህን ታሪክ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የዋልተር ጆንሰን ሐውልትም አላችሁ። እኔ ይበልጥ ላነሳው የምፈልገው የሌላውን ቡድን ነገር ነው። ከ1940 ገደማ ጀምሮ ሴናተርስ ከከተማ ሲወጡ በዚያው ሜዳ ላይ ሌላ ቡድን ይጫወት ነበር። ሆምስቴድ ግሬይስ ይባላል። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ስለተከለከለ የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ነበር። ግሬይስ መነሻቸው ፒትስበርግ አጠገብ ነው። ግን ዋሽንግተንን ሁለተኛ ቤታቸው አደረጉ። በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮችን ሊግ የዓለም ዋንጫ ወሰዱ። በ1948 ያሸነፉት በርሚንግሃም ብላክ ባረንስን ነበር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ዊሊ ሜይስ ያኔ ለበርሚንግሃም ይጫወት ነበር። ባክ ሌናርድ የግሬይስ ነበር። ኩል ፓፓ ቤል የግሬይስ ነበር። ጆሽ ጊብሰንም የግሬይስ ነበር።

ስለ ጆሽ ጊብሰን ትንሽ ልቆይ። ቤዝቦል የቁጥር ጨዋታ ነው። አንድ መቺ ከ1000 ሙከራ 300 ጊዜ ካሳካ ጎበዝ ይባላል። በነጮቹ ሊግ ለብዙ ዘመን አንደኛ ተብሎ የኖረው ታይ ኮብ በዕድሜ ልክ ጨዋታው ከ1000 367 አሳክቷል። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ ቤዝቦል የጥቁሮቹ ሊጎች ከታላላቆቹ ሊጎች እኩል መሆናቸውን አመነ። በግንቦት 2024 ደግሞ ቁጥራቸውን ከመዝገቡ ጋር አዋሃደ። ያኔ ጆሽ ጊብሰን በ372 ከሁሉም በላይ ሆነ። በ1943 አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ከ1000 466 ነው የመታው። የአሜሪካ የቤዝቦል ታሪክ የምንጊዜም አንደኛ መቺ፣ እኛ ዛሬ ቡና የምንጠጣበት ሰፈር ጥግ ላይ ነበር የሚጫወተው። ይህን ለልጆቻችን ያልነገርናቸው እኛም ስላልተነገረን ነው።

ጊብሰን ይህን ሁሉ አላየም። ጥር 20 ቀን 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 15፣ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ የነጮቹን ሊግ በር ለጥቁሮች ከፈተ። በሞቱ ጊዜ ምን ያህል እንደቀረበ ሳስበው ያመኛል።

እዚህ ላይ የማይመቸውንም እናንሳ። ታሪክ ማክበር ማለት የሚያኮራውን ብቻ መርጦ ማሳየት አይመስለኝም። የሴናተርስ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ሜዳውን ለግሬይስ እያከራየ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ጊብሰንንና ሌናርድን በዓይኑ እያየ ግን አላስፈረማቸውም። የዋሽንግተኑ ጋዜጠኛ ሳም ሌሲ በ1930ዎቹ ሄዶ ጥቁር ተጫዋቾችን አስፈርም ብሎታል። አልሰማም። ሴናተርስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ኩባዊውን ካርሎስ ፓውላን፣ ያሰለፉት በመስከረም 1954 ነው። ከጃኪ ሮቢንሰን ሰባት ዓመት ዘግይተው። ጥቁር ተመልካቾችም በዚያ ስታዲየም የሚቀመጡት በአብዛኛው በቀኝ በኩል ባለው ክፍል ነበር።

ከ1960 የውድድር ዘመን በኋላ የክላርክ ወራሽ ካልቪን ግሪፊዝ ቡድኑን ይዞ ወደ ሚኔሶታ ሄደ። ዋሽንግተን ያኔ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነባት ከተማ ነበረች። ለምን እንደሄደ በ1978 ዋሲካ በምትባል የሚኔሶታ ትንሽ ከተማ ላይ ራሱ ተናገረው፤ ሚኔሶታን የመረጠው ጥቁሮች ጥቂት እንደሆኑ ስላወቀ መሆኑን። በ2020 የሚኔሶታ ቡድን የእርሱን ሐውልት ከስታዲየሙ ደጃፍ አነሳ። በጎረቤት ቤት የተደረገ ነገር ነው፤ ነገር ግን የእናንተም ታሪክ ነው። የተበደለው ሰፈር እዚህ ነው ያለውና።

ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛው ሴናተርስም አልቆየም። መስከረም 30 ቀን 1971 የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። ዋሽንግተን የኒው ዮርኩን ቡድን ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራች፣ ለማለቅ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ ያዘነውና የተናደደው ሕዝብ ሜዳ ገባ። ሳሩን እየነቀለ ለማስታወሻ ወሰደ። ጨዋታው ተቋርጦ በፎርፌ 9 ለ 0 ለያንኪስ ተሰጠ። ቡድኑ ወደ ቴክሳስ ሄደ። በዚያች ማታ ሆም ራን፣ ኳሷን ከሜዳ የሚያስወጣውን ምት፣ የመታው ግዙፉ ፍራንክ ሃዋርድ ዛሬ ሐውልት አለው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል ኖረች። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ቡድን ሳይኖረው አንድ ትውልድ አለፈ።

እናንተ በ2005 ስትመጡ ችግሩ ቀላል እንዳልነበር ይገባኛል። የ1924ቱ ዋንጫ በመዝገብ የሚቆጠረው ለሚኔሶታ ነው። የሁለተኛው ሴናተርስ መዝገብ ቴክሳስ ነው። የእናንተ የራሳችሁ መዝገብ ደግሞ ሞንትሪያል ነው። ኮፍያችሁ ላይ ያለው ጠምዘዝ ያለ ደብልዩ በ1960ዎቹ ሁለተኛው ሴናተርስ ያደርገው የነበረ ነው። ስማችሁም አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሴናተርስ ለአሥርት ዓመታት በይፋ ናሽናልስ ይባሉ ነበር። ስም ሲመረጥ ከንቲባው አንቶኒ ዊሊያምስ ሴናተርስ የሚለውን ተቃወሙ። በኮንግረስ ድምፅ ያለው ሴናተር የሌላት ከተማ ቡድኗን ሴናተር ብላ መጥራት የለባትም አሉ። እርሳቸው የወደዱት ግሬይስ የሚለውን ነበር። ያ ስም ቢመረጥ ኖሮ ዛሬ የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ግሬይስ እነማን ነበሩ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ስም ለውጡ አልልም። ያኔ ከንቲባው ያዩትን ግን እናንተም እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ስለ ሞንትሪያልም አንድ ነገር ልበል፤ እነዚያም ሰዎች ናቸውና። ኤክስፖስ፣ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ቡድናችሁ የሚጠራበት ስም፣ ከ1969 እስከ 2004 ድረስ የዚያ ከተማ ልብ ነበሩ። በ1994 በሊጉ ሁሉ የተሻለ ውጤት ይዘው፣ 74 አሸንፈው 40 ብቻ ተሸንፈው ሳለ፣ የተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ የውድድር ዘመኑን ቆረጠው። ከዚያ በኋላ አላገገሙም። የጋሪ ካርተርን፣ የአንድሬ ዶውሰንን፣ የረስቲ ስታውብንና የቲም ሬይንስን ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው ክለቡ በክብር አንስቶት ነበር። ቡድኑ ዋሽንግተን ሲገባ ቁጥሮቹ ለሌላ ተጫዋች ተሰጡ። በዚያው ዓመት፣ በ2005፣ እነዚያን ቁጥሮች በሞንትሪያል አዳራሽ ጣሪያ ላይ የሰቀላቸው የበረዶ ሆኪ ቡድኑ ካናዲየንስ ነበር። የማያገባው ቡድን ነው አደራውን የተቀበለው። በ2010 ካርተርንና ዶውሰንን በክብር ግድግዳችሁ ላይ ስታስገቡ ደስ ብሎኛል። ሬይንስም በኋላ ገብቷል። ያ ጥሩ ጅምር ነው።

ወደ 2019 እንምጣ። በግንቦት ወር 19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን ነበራችሁ። ሰው ሁሉ አለቀላቸው ብሎ ነበር። ከዚያ ያ ሁሉ ተአምር መጣ። ጥቅምት 1 ማታ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ሚልዋኪን የገለበጠበት ምት። ሎስ አንጀለስ ላይ በ10ኛው ኢኒንግ የሃዊ ኬንድሪክ ግራንድ ስላም፣ በአንድ ምት አራት ነጥብ። ጥቅምት 30 ሂውስተን ላይ ደግሞ ያው ኬንድሪክ የመታት፣ የሜዳውን ወሰን የሚያሳየውን ቢጫ ምሰሶ የነካችው ኳስ። በዚያ ዋንጫ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር። ዋሽንግተን በሜዳዋ ሦስቱንም ተሸንፋ በሰው ሜዳ አራቱንም አሸነፈች። ስለዚህ የከተማው ሰው ዋንጫውን ያየው በቴሌቪዥን ነው። የሰልፉ ቀን ኮንስቲትዩሽን አቨኑ በቀይ ማልያ ተሞላ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማያውቁ ወገኖቼ ሳይቀሩ ኮፍያውን ገዝተው አደረጉት።

ከዚያስ? በ2020 ኮቪድ መጣና ሻምፒዮኑ ቡድን ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተጫወተ። ያ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን አንቶኒ ሬንዶን ዋንጫው በተወሰደ በሁለተኛው ወር ሄደ። በሐምሌ 2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ተላኩ። በነሐሴ 2022 ሁዋን ሶቶም ወደ ሳንዲዬጎ ተሰጠ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 107 ጊዜ ተሸነፈ። ባለቤቶቹም ክለቡን ልንሸጠው እንችላለን አሉ፤ በ2024 ደግሞ አንሸጥም አሉ። ከ2019 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ካሸነፈው የተሸነፈው ያልበለጠበት አንድም የውድድር ዘመን የለም። በሐምሌ 2025 ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ተሰናበቱ። በቦታቸው ፖል ቶቦኒና ብሌክ ቡቴራ አዲስ ገቡ። እንኳን ደህና መጣችሁ እላቸዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በተለይ ለእነርሱ ነው።

ወጣት ተጫዋች ሰብስቦ ቡድን መገንባት ጊዜ ይወስዳል። ያንን አልቃወምም። ነገር ግን ደጋፊ በዚህ መሃል ምን ይዞ ይቆይ? ስሙን የለመደው ተጫዋች ሄዷል። ቡድኑ ይሸነፋል። ቲኬቱ ውድ ነው፣ ፓርኪንጉም ውድ ነው። በጨዋታው መሃል የድሮ ፕሬዚዳንቶችን የሚመስል ትልልቅ የውሸት ጭንቅላት ያጠለቁ ሰዎች ሲሮጡ ማየት ለልጆች ደስ ይላል፤ የእኔም ይስቃሉ። ሰው ግን በዓመት ለ162 ጨዋታ፣ ለአሥር ዓመት፣ ለዕድሜ ልክ የሚቆየው የእኔ ነው የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። የእኔ ነው የሚያሰኘው ደግሞ ታሪክ ነው።

እኛ አበሾች ይህን በደንብ እናውቃለን። አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነ ልጅ ክለቡ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ጣልያን በወረረን ዘመን፣ እንደተመሠረተ ከአባቱ ይሰማል። ወራሪው አገር ውስጥ ሳለ ክለቡ እንዴት እንደቆየ ይነገረዋል። ያንን የሰማ ልጅ ቡድኑ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቢሸነፍ ሌላ ቡድን አይፈልግም። ዋሽንግተን ስንመጣ ግን ቤዝቦልን ያገኘነው ያለ ታሪክ ነው። ዝግ ያለ፣ ሕጉ የተወሳሰበ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ነገር ሆኖ ነው የታየን። ታሪኩን የነገረን ሰው ቢኖር እንወደው ነበር።

ታሪኩ ደግሞ ከእኛም ጋር የተነካካ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኢትዮጵያን ክላውንስ የሚባል የጥቁሮች የቤዝቦል ቡድን ነበር። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ቀብተው፣ የአፍሪካ ይመስላል የተባለ የውሸት ስም ይዘው ሕዝቡን ያስቁ ነበር። በወቅቱ ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት ጥቁሮች አንዱ የሆምስቴድ ግሬይስ ባለቤት ከም ፖዚ ነበር። አገሪቱ በመከራ ውስጥ ሳለች በስሟ መነገድ ነውር ነው አለ። ቡድኑ በ1943 ወደ ጥቁሮቹ ሊግ ሲገባ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ተወ። ከም ፖዚ ማለት ስሙ በእናንተ የክብር ግድግዳ ላይ የተጻፈው ሰው ነው። እኛ በስታዲየማችሁ ስናልፍ የምናየው፣ ማን እንደሆነ ግን የማናውቀው ስም። በመከራ ቀን ለአገራችን ክብር የቆመ ሰው ስም ነው።

በዚያው ዘመን ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ግቢው ከግሪፊዝ ስታዲየም ጋር ጎን ለጎን ነው። በኋላ ኒው ዮርክ ላይ በ1937 ለኢትዮጵያ የሚታገለውን የዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ያ ሰፈር ለእኛ ከ9ኛው መንገድ ምግብ ቤቶች በፊትም የታወቀ ሰፈር ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2005 የ9ኛውን መንገድ አካባቢ በይፋ ሊትል ኢትዮጵያ እናሰኝ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ሻው የሚባለው የዚሁ ሰፈር ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተቃወሙ። ይህ ሰፈር ጥቁር ብሮድዌይ ሲባል የኖረ ነው፣ የእኛ አባቶች የሠሩት ነው፣ ታሪካችን እንዳይሸፈን አሉ። ያኔ ከወገኖቻችን የተከፉ ነበሩ። እኔ ግን ሰዎቹ እውነት ነበራቸው እላለሁ። የጎረቤትን ታሪክ ሳያውቁ በጎረቤት ሰፈር ስም መለጠፍ አይቻልም። ስለ ግሬይስ ማወቅ፣ ስለ ጊብሰን ለልጆች መንገር፣ ከእነዚያ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጨዋታ ማየት ለዚያ ቅያሜ ጥሩ መድኃኒት ይመስለኛል። ያንን ወንበር ልታዘጋጁ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

አንደኛው ትልቁ ነው። በየዓመቱ አንድ ጨዋታ የግሬይስ ቀን ይሁን፤ ቀኑም ከጆርጂያ አቨኑ ይጀመር። ጠዋት ሆስፒታሉ ዘንድ፣ ሆም ፕሌቱ ካለበት አጠገብ፣ ከሆስፒታሉና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተመካክራችሁ ሰው ሰብስቡ። የድሮዎቹን ጨዋታዎች በልጅነታቸው ያዩ አዛውንቶች እያለቁ ነው፤ ያሉትን ጠርታችሁ አናግሯቸው፣ ድምፃቸውን ቅዱ። ከዚያ ሁሉም በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ይሳፈር። ከሻው ሃዋርድ ጣቢያ ተነስቶ መስመር ሳይቀይር ኔቪ ያርድ፣ ስታዲየማችሁ ደጃፍ፣ ይወርዳል። የድሮው ሜዳና የአሁኑ ሜዳ በአንድ ባቡር የተገናኙ ናቸው። ተጫዋቾቻችሁ የግሬይስን ማልያ ይልበሱ። መልበሱ ብቻ ግን አይበቃም። በየኢኒንጉ መሃል በትልቁ ስክሪን ላይ የአንዱ ተጫዋች ታሪክ ይነገር። የሳም ሌሲም ይነገር። ክላርክ ግሪፊዝ እምቢ ማለቱም ይነገር።

ሁለተኛው፣ የክብር ግድግዳው ላይ ያሉት ስሞች ማብራሪያ ያግኙ። ስልኩን አውጥቶ የሚያነብ ሰው ከም ፖዚ ማን እንደሆነ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በአማርኛ ያግኝ። የቤዝቦል ሕግም በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጠን። ወርዋሪው ምን እንደሚያስብ፣ መቺው ለምን እንደሚታገሥ፣ ለምን ኳስ ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ እንደሚሄድ አንድ ጊዜ የገባው ሰው ሦስቱ ሰዓት አይረዝምበትም። እኔ ምስክር ነኝ። ለትርጉም ሰው ካስፈለጋችሁ ብዙ ፈቃደኞች እናገኛለን።

ሦስተኛው፣ ለሞንትሪያል ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ስጧቸው። አውቶብስ ተሳፍረው ይመጣሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው የአራቱ የሞንትሪያል ተጫዋቾች ቁጥሮች እንደገና በክብር ይነሱ ብዬ ብጠይቅ ብዙ ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። በሰኔ 2022 የራያን ዚመርማንን 11 ቁጥር ስታነሱ ከተማው ምን ያህል እንደተነካ አይታችኋል። የእነዚያም ደጋፊዎች ልብ እንደዚያው ነው።

አራተኛው የገንዘብ ነገር ነው፤ አጭር ነው። በግሬይስ ቀን ለሻው፣ ለሌድሮይት ፓርክና ለአናኮስቲያ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ልጆች ቲኬቱ በነፃ ይሁን። ከወላጅ ጋር። ወላጁ ካልገባ ልጁ ብቻውን ደጋፊ አይሆንም፤ በተለይ የእኛ።

ከእኛ በኩል ደግሞ ይህን ቃል እገባለሁ። የግሬይስ ቀን ብላችሁ ቀን ከቆረጣችሁ ወሬውን በየምግብ ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በየታክሲ ማቆሚያው እናዳርሳለን። ከጠዋቱ ዝግጅት ላይ ቡና እናፈላለን። የሻው አዛውንቶች መቀመጫ ያገኛሉ፤ ቡናው ቀድሞ ለእነርሱ ይቀዳል።

የ2026 የውድድር ዘመን መርሐ ግብር ታውቋል፣ ስለዚህ ለዚህ ዓመት ትልቁ ነገር ሊከብድ ይችላል። የአማርኛውን ገጽና የግድግዳውን ማብራሪያ ግን በጥቂት ሳምንት መሥራት ይቻላል። ለግሬይስ ቀን የሚሆነውን ጨዋታ ለሚቀጥለው ዓመት ስትመርጡ ቅዳሜ ቀን እንዲሆን እለምናለሁ። እሑድ ጠዋት ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ነን። መልሳችሁን በይፋ ብትሰጡን ሁሉም ያነበዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የሻው ነዋሪና የክለባችሁ ደጋፊ
ዋሽንግተን ዲሲ